ካልጠሩት ሰው በማይመጣበት አገር አራስ መሆን

(ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ባለች አንድ አዳራሽ፣ ውጭ አገር ባል ጋ ሊሄዱ ቪዛ ለሚጠብቁ እህቶችና ለእናቶቻቸው የተናገርኩት ነው። በስልክ የተቀዳውን እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ካለ ይቅርታ፣ ስናገርም እንደዛው ነኝ።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ወንዶችም መጥታችኋል፣ ጥሩ፣ መሀል ላይ ለእናንተ የምለው ስላለኝ ቡና ሸተተን ብላችሁ እንዳትወጡ።

እኔ የዚሁ የሽምብጥ ሰፈር ልጅ ነኝ። ጀርመን የገባሁት 2011 ህዳር ላይ ነው፣ ህዳር ሚካኤል ሳይደርስ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ። ተጋብተን ዓመት ከመንፈቅ ቪዛ ስጠብቅ ነበር፣ ኤ ዋን የሚሉትን የቋንቋ ፈተና አዲስ አበባ ሄጄ አልፌ ወረቀቱን ሁሉ አስገብቼ ቁጭ ብዬ፣ ባለቤቴ ክረምት ላይ ሊጠይቀኝ መጣና ሲመለስ እኔ እንዲህ ሆኜ ቀረሁ፣ ቪዛው ደሞ ሰፈሩ ሁሉ "እንግዲህ እዚሁ ወልደሽ ሂጂ" ማለት ሲጀምር መጣ። እናቴ ሂጂም አትሂጂም አላለችም። ዝም ብላ በርበሬ መቀንጠስ ጀመረች፣ እኔም በዛ ገባኝ።

ስለ ብርዱ ሰው ሁሉ ያወራላችኋል፣ አልፈዋለሁ። ጨለማውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ታህሳስ ላይ ሃምቡርግ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ጠዋት ደሞ ፀሐይ የምትወጣው 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ያውም ደመና ከሌለ። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ሲል ጎህ፣ 12 ሰዓት ሲል ምሽት የለመደ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። እኔ ምሳ በልቼ ጋደም ብዬ ስነሳ ሌሊት የሆነ መስሎኝ ባለቤቴ ጋ ደውዬ "ለምን አልመጣህም?" እለው ነበር። ስራ ላይ ነው፣ ገና 10 ሰዓት ተኩል ነው።

በገባሁ በሳምንቴ ባለቤቴ "ነይ ሐይቅ ላሳይሽ" ብሎ አልስተር የሚባል ቦታ ወሰደኝ። እንግዲህ ሐይቅ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነጠላዬን በጃኬቱ ላይ ደርቤ ወጣሁ። ወንዝ ገድበው የሰሩት ውሃ ነው፣ ከተማው መሀል ላይ። ያምራል፣ አላሳንሰውም፣ ግን ከጣና ዳር ለመጣ ሰው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ እያየ ላደገ ሰው፣ ማዶው ቤት መስኮት ላይ ያለው መጋረጃ ሲታይ ያ ሐይቅ ይባላል? ለማንኛውም ውሃው ላይ ግርግር አየን፣ ሰው ተሰብስቦ ፎቶ ያነሳል። ምንድነው ስል ስዋን የሚባሉ ነጫጭ አንገታቸው ረጃጅም ወፎች አሉ አይደል፣ እነሱን እየለቀሙ ጀልባ ላይ ይጭኗቸዋል። ለካ በየዓመቱ ህዳር ላይ ብርዱ ከመጠንከሩ በፊት ሰብስበው ውሃው የማይጋገርበት ሌላ ኩሬ ወስደው ያከርሟቸዋል፣ ይሄን የሚሰራ ሰው ደሞ የከተማው ደመወዝተኛ ነው፣ "የስዋን አባት" ነው የሚሉት። 

እና እኔ እዛው ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ባለቤቴ በርዷት ነው ብሎ ሻርፑን ያለብሰኛል። እኔ ግን በልቤ ምን እያልኩ ነው፣ ለወፉ እንኳን ሰው አለው፣ እኔ ከነሆዴ ማን አለኝ?

ይሄን የምለው ምን እንዳጣሁ እንድታውቁልኝ ነው። እዚህ እርጉዝ ስትሆኚ ሆዱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ባጃጅ ስትሳፈሪ ሹፌሩ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ይልሻል፣ ጎረቤት ዶሮ ሰርታ ሽታው ከደረሰሽ አምሮት እንዳይጎዳሽ ብላ በሰሃን ትልክልሻለች፣ ውሃ ተሸክመሽ ካዩሽ ይቆጡሻል። ደሞ መዋሸት የለብንም፣ ያሰለቻል። "ሆድሽ ሾሏል ወንድ ነው" ትላለች አንዷ፣ "ፊቷ ማዲያት አውጥቷል ሴት ናት" ትላለች ሌላዋ፣ አንቺን አይጠይቁሽም እንደ ገበያ በግ ነው የሚያዩሽ። እኔ እዚህ እያለሁ ይሄ ነገር ያበሽቀኝ ነበር። እዛ ሄጄ ግን ለአራት ወር ያንን ደረጃ ስወጣ ስወርድ አንድም ጎረቤት "ስንት ወርሽ ነው?" አላለኝም። በር ይይዙልኛል፣ ሰላም ይላሉ፣ ያልፋሉ። እኔ ጠልተውኝ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፣ እነሱ ጋ የሰው ሆድ መጠየቅ ነውር ነገር ነው፣ አንቺ ካልጀመርሽ አይጀምሩም። 

አሁን ወደ ህክምናው ልምጣ፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሙተርፓስ የምትባል ትንሽዬ ደብተር ይሰጡሻል፣ የደም አይነትሽ፣ ግፊትሽ፣ የልጁ እድገት፣ ሁሉ እዛ ላይ ይጻፋል፣ ከቦርሳሽ አትለይም፣ መንገድ ላይ ብትወድቂ የትኛውም ሆስፒታል ያቺን ገልጦ ያውቅሻል። ክትትሉ በየአራት ሳምንቱ ነው፣ መጨረሻ አካባቢ በየሁለት ሳምንቱ፣ አልትራሳውንድ ሶስት ጊዜ የተመደበ ነው። የመጀመሪያውን እዚህ ተነስቼ ወረቀቱን ይዤ ስለሄድኩ ጠቀመኝ፣ እናንተም እዚህ የተሰራላችሁን ምርመራ ሁሉ እንዳትጥሉ። ጥሬ ስጋ አትንኪ ተባልኩ፣ ክትፎ ለብለብም ቢሆን፣ ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ አለ ለጽንሱ አደገኛ ነው አሉኝ፣ ይሄ ለጀርመን ብቻ አይደለም እዚህ ያላችሁም ስሙ። ከዛ ዶክተሯ "ሐይቅ ውስጥ ትዋኚ ነበር ወይ?" ብላ ስትጠይቀኝ ደሜ ፈላ፣ አገሬን ልትሰድብ መስሎኝ፣ ለካ ስለ ቢልሃርዚያ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚይዘው የትል በሽታ ነው የምትጠይቀው። እውነቷን ነው፣ ጣና ዳር እኮ አለ፣ ልጅ ሆነን ስንንቦጫረቅ ያደግንበት ነው። ተመረመርኩ፣ ነፃ ነኝ። ግን የሚገርማችሁ ከዛ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ህክምናው እንዲህ ሆኖ ሳለ ታዲያ ለምን አለቀስሽ ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ከዘጌ ማዶ በሌሊት ምጥ ይዟት በጀልባ የምትሻገር እናት እያለች እኔ አምቡላንስ በር ላይ በሚመጣበት አገር ሆኜ ሆድ ባሰኝ ማለት ያሳፍራል። ግን ሆድ ይብሳል። መሳሪያው ሁሉ አለ፣ ሰው የለም።

ሰው እንዳለ ያወቅኩት በስድስተኛ ወሬ ነው። ቤተክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት ሀበሻ እህት "ሄባመ ይዘሻል?" አለችኝ። ምንድነው ሄባመ? አዋላጅ ናት፣ ግን ማዋለድ ብቻ አይደለም ስራዋ፣ ከወለድሽ በኋላ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ፣ ከዛ እያራራቀች እስከ 12 ሳምንት፣ እትብቱን ታያለች፣ ጡትሽን ታያለች፣ ልጁን ትመዝናለች፣ አንቺንም እንዴት ነሽ ትልሻለች፣ ክፍያውን ክራንከንካሰ የሚባለው የጤና መድን ይሸፍነዋል። አያችሁ፣ ለካ ለኔም እንደ ስዋኖቹ ሰው ተመድቦልኛል! ችግሩ ምንድነው፣ ስዋኗን መጥተው ነው የሚወስዷት፣ እኔ ግን ፈልጌ መደወል አለብኝ። ደሞ አዋላጆቹ ቁጥራቸው ከሚፈልጋቸው ሰው ያነሰ ነው፣ ሰው ማርገዟን ባወቀች ማግስት ነው የሚይዛቸው፣ እኔ በስድስት ወሬ ነው የተነሳሁት።

እና አልደወልኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን እያየሁ ቁጭ። ቋንቋው ፈርቼ ነው እል ነበር፣ ውሸት ነው። ይሉኝታ ነው። እኔ ያደግኩት ችግርሽን ሰው አይቶ ያውቅልሻል እንጂ አንቺ አፍ አውጥተሽ አትጠይቂም በሚል ቤት ነው፣ እናቴ ታማ እንኳን "ደህና ነኝ" የምትል ሴት ናት፣ ጎረቤት ነው ፊቷን አይቶ ሾርባ ይዞ የሚመጣው። እዛ ፊትሽን አይቶ የሚገምት የለም። "ደህና ነኝ" ካልሽ ደህና ነሽ፣ አለቀ፣ ወደ ስራቸው ይሄዳሉ። ደሞ አክብረውሽ ነው እኮ፣ ቃልሽን አምነው። 

በመጨረሻ ያቺ እህት አጠገቤ ቁጭ ብላ አስደወለችኝ። 22 አዋላጆች ጋ ደወልን። ሃያ አንዱ ሞልቷል አሉ። ሃያ ሁለተኛዋ የኔን ጀርመንኛ ሰምታ ትንሽ ዝም አለችና "የት ሰፈር ነሽ?" አለች።

የወለድኩት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ምጡን አልተርክላችሁም፣ የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ ያልወለዳችሁ አትፍሩ። ባለቤቴ ክፍሉ ውስጥ ነበረ፣ እዛ የተለመደ ነው፣ "ማርያም ማርያም" የሚሉ ሴቶች በሌሉበት እሱ ብቻውን ሲል አደረ፣ ድምፁ ተዘግቶ ነው የነጋው። ወዲያው ወደ ባህር ዳር ተደወለ፣ እናቴ በስፒከር "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብላ ሴት መሆኗን ስትሰማ ሶስቴ እልል ስትል ጎኔ ያለው አልጋ ላይ የነበረችው ሴትዮ ደንግጣ ነርስ ጠራች። ማታ እራት መጣ። እናቶቼ፣ አራስ ምን ቢሰጧት ጥሩ ነው? ቀዝቃዛ ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ አይብ፣ የተከተፈ ኪያር። ክፋት አይደለም፣ አገሩ ማታ የሚበላው እንደሱ ነው፣ የሞቀ ነገር ምሳ ላይ ነው። እኔ ግን ያቺን ኪያር እያየሁ ገንፎ ገንፎ እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ።

ባለቤቴ ቤት ሄዶ ገንፎ ሊያገነፋ ተነሳ። በህይወቱ ሻይ እንጂ ሌላ ያላፈላ ሰው ነው። እናቴ በቪዲዮ "አማስል! አማስለው እንጂ! ምን ታያለህ!" ትለዋለች፣ ድስቱ ያዘበት፣ ጭሱ ወጣ፣ እዛ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ጭስ ሲያይ የሚጮህ ነገር ይሰቀላል፣ እሱ ጮኸ፣ እናቴ እሳት የተነሳ መስሏት ጮኸች። በነጋታው በሳህን ሸፍኖ ይዞልኝ መጣ፣ ግማሹ ጓጎላ ነው፣ ቅቤው መሀሉ ላይ ሳይሆን ዳር ፈሷል፣ እንደዛ የጣፈጠኝ ገንፎ ግን የለም። 

አሁን ወንዶች፣ ተራችሁ ነው። እኛ አገር በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ ሚስቱ ስትወልድ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ጀርመን አባትም የወላጅነት ፈቃድ መውሰድ ይችላል፣ ብዙዎቹ ሁለት ወር ይወስዳሉ፣ ከመንግስት የሚከፈል ገንዘብም አለው። ግን ቢያንስ ከ7 ሳምንት በፊት ለአሰሪው በጽሁፍ ማሳወቅ አለበት። ባለቤቴ ያውቅ ነበር። "ገና አዲስ ሰራተኛ ነኝ አለቃዬ ምን ይለኛል" እያለ ዛሬ ነገ ሲል 7 ሳምንቱ አለፈው፣ ስለዚ ስወልድ የያዘው የራሱን የዓመት ፈቃድ ሁለት ሳምንት ብቻ ሆነ። ኋላ ሲጠይቀው አለቃው ምን እንዳለ ልንገራችሁ? "ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም" ነው ያለው። ስለዚ ይሄ ይሉኝታ የሴት ብቻ አይደለም፣ የሱ ይሉኝታ እኔን በ15ኛው ቀን ብቻዬን አስቀረኝ።

አራስ ብቻዋን አትተውም አይደል የሚባለው። እናቴ በስልክ "ብረት ከራስጌሽ አይጥፋ" አለችኝ፣ እኔም መቀስ ፍራሽ ስር ከተትኩ። ልታምኑም ላታምኑም ትችላላችሁ፣ በዛ ሰዓት ግን እናቴን ነው የምሰማው። ሄባመዋ መጥታ አልጋው ላይ ስትቀመጥ መቀሱ ወጣ። ፊቷ ተለዋወጠ፣ ራሴን ልጎዳ ያሰብኩ መስሏት፣ ቀስ ብላ "ምን ይሰማሻል? ብቻሽን ስትሆኚ ምን ታስቢያለሽ?" ማለት ጀመረች። እኔ በዛ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ስለ አራስ ቤት፣ ስለ ብረቱ፣ እኛ ጋ አራስን ለምን ብቻዋን እንደማንተዋት ማስረዳት ጀመርኩ፣ መሀል ላይ ግን እያለቀስኩ እንደሆነ አወቅኩ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ "ደህና አይደለሁም" ያልኩት። መቀሱ ነው ያናገረኝ እላለሁ አሁን። ከዛን ቀን በኋላ ቶሎ ቶሎ ትመጣ ጀመር፣ ለሐኪሟም ነገረችልኝ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ እንዳለና እንደሚታከም የሰማሁት ከሷ ነው።

ይቺ ሴትዮና እናቴ ተገናኝተው አያውቁም ግን በኔ በኩል ስንት ተከራከሩ መሰላችሁ። እናቴ "ቅቤ አስዋጥሻት?" ትላለች፣ ሄባመዋ ከጡት ሌላ ምንም አይገባም ትላለች፣ እዚህ ላይ እናቴ ተሸነፈች፣ የኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞችም የሚሉት እሱኑ ነው። እናቴ ደሞ ለወተት አብሽ ጠጪ ብላ በሰው ልካልኛለች፣ ሄባመዋ ወተቴ አነስ ሲል ከፋርማሲ አንድ ነገር ግዢ ብላ ጻፈችልኝ፣ ገዝቼ ሳየው አብሽ ነው! በካፕሱል! እናቴ ይሄን ስትሰማ ለአንድ ሳምንት ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰችው። ከዛ ፀሐይ ማሞቅ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ልጁን ዘይት ቀብቶ። እዛ ፀሐይዋ መች ተገኝታ፣ በሷ ፋንታ ህፃናቱ በየቀኑ ቫይታሚን ዲ ይሰጣቸዋል፣ ትንሽዬ ክኒን በማንኪያ ሟሙታ። አንድ ቀን ደሞ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ምን አየሁ፣ የነሱ 12 ሳምንት 84 ቀን ነው፣ የኛ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ። አራት ቀን ነው የምንለያየው። ልጄ ከጀርመኖቹ በተከራየነው ቤተክርስቲያን ክርስትና ተነስታ ብዙም ሳይቆይ ሄባመዋ ልትሰናበተኝ መጣች፣ ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት።

ስለ ጎረቤት አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ታች ያለችው አሮጊት ሴትዮ የልጁን ጋሪ ደረጃ ስር ስላቆምኩ ወረቀት ለጥፋብኝ ነበር፣ መተላለፊያ ነው አንሱት የሚል። አንጀቴ ነው የቆሰለው፣ እዚህ ቢሆን አንኳኩታ ተቆጥታኝ ቡና ጠጥታ ትሄድ ነበር። ለወር ተኮራረፍን፣ ማለቴ እኔ ተኮራረፍኩ እሷ አላወቀችም። አንድ ቀን ልጄ ስታለቅስ አድራ ገላዬን ከታጠብኩ ሶስት ቀኔ፣ ያን ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም ልጄን ታቅፌ ወርጄ አንኳኳሁ። አንድ ሰዓት ልጄን ትይዢልኛለሽ ወይ አልኳት። ሴትዮዋ ገብታ ምን ይዛ ብትመጣ ጥሩ ነው፣ ካላንደር! "ዛሬ አይመቸኝም፣ ረቡዕ ከ9 ሰዓት እስከ 10" አለችኝ። ልጄን ይዤ በንዴት ወጣሁ፣ ለእርዳታም ቀጠሮ! ረቡዕ 9 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፣ በቀዳዳው ሳይ በሬ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ልክ 9 ሲል ደወለች። ከዛ በኋላ ለሁለት ዓመት አንድም ረቡዕ ቀርታ አታውቅም። እዚህ የሚወዱኝ ጎረቤቶቼ እንኳን እንደዛ አይሆኑልኝም፣ ይቅርታ እትዬ እዛ ጋ የተቀመጡት፣ እርስዎን አላልኩም።

ወረቀት የጠየቃችሁኝ፣ አጭር ነው፤ የራሳችሁን የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት እዚሁ ከወሳኝ ኩነት አውጡና ቢሮው ምን ማረጋገጫ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ልጅ ስታስመዘግቡ ይፈልጉታል። ደሞ እዛ የቤተሰብ ስም ይላሉ፣ እኛ የለንም ብትሉ አይገባቸውም፣ ልጄ ወረቀቷ ላይ የአባቷ ሳይሆን የአያቷ ስም ነው የተጻፈላት። ባለቤቴ እስካሁን ያንገበግበዋል፣ አባቱ ግን እዚህ ሆነው ደስታቸውን አልቻሉትም።

እሺ። ቪዛ የመጣላችሁ እጃችሁን አውጡ እስኪ። ሆድ ያላችሁስ? ሁለት፣ ሶስት። እስክሪብቶ አውጡ፣ ኤ ዋን ስንማር ቡና ማዘዝ፣ የባቡር ሰዓት መጠየቅ ነው ብዙ ያስለመዱን፣ እኔ ስፈልገው ከአፌ ያልወጣው አረፍተ ነገር ግን ሌላ ነው፣ በኛው ፊደል ጻፉት፤ "ኢሽ ብራውኸ ሂልፈ"። እርዳታ እፈልጋለሁ ነው። በሉ፣ አንድ ላይ።

አልሰማሁም። እናቶችም ጭምር። እንደገና።